ወንዙን ስትለካ የኖረችው ሴት

ሰፈሩ ሁሉ «ባለሜትሯ» ነበር የሚላት። ልብስ ሰፊ ሆና አይደለም፤ ሥራዋ ወንዝ መለካት ስለነበር ነው። ከቤቷ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ ትንሽ ድልድይ አለ። በድልድዩ አንደኛው እግር ላይ ነጭና ቀይ የተቀባ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት ተመትቷል። እሷ ማለዳና አመሻሽ ላይ ወርዳ ውሃው የትኛው ቁጥር ጋ እንደደረሰ አይታ በደብተር ትጽፋለች። ይኸው ነው። ይህን ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሠራችው።

መጀመሪያ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የቀጠረው ባሏን ነበር። አንድ ልጃቸው ስድስት ዓመት ሲሞላው ባልየው በኩላሊት በሽታ አልጋ ላይ ዋለ፤ ከዚያ ወዲያ ብረቱን አይታ የምትመለሰው እሷ ሆነች። ከትራሱ ቀና ብሎ ስንት እንደሆነ ይጠይቃታል። ሠላሳ አንድ ስትለው፣ ሠላሳ አንድ ነው ወይስ ሠላሳ አንድ መሰለሽ ይላታል፤ እያጉረመረመች ተመልሳ ትወርዳለች። የሚቀልድባት ይመስላት ነበር። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ግን ሳይስቅ ነገራት።

«ያየሽውን ጻፊ። ሳታዪ የቀረሽ ቀን ባዶ ተዪው እንጂ ከራስሽ አትሙይ።»

ከቀብሩ በኋላ ደብተሩን ይዛ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። በጊዜው የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ሰው ሥራው የወንድ መሆኑን፣ በክረምት ደግሞ ሴት ልጅ እዚያ ጭቃ ውስጥ ምን እንደምትሆን ሊያስረዳት ሞከረ። እሷም የምትኖረው እዚያው ጭቃ ውስጥ እንደሆነ፣ ክረምት ሲገባ ቤቷን ተሸክማ ሌላ ቦታ እንደማትሄድ ነገረችው። ሰውየው ሳቀ፤ በባሏ ቦታ ቀጠራት።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነበር። የኋለኛው መስኮት በቀጥታ ወደ ወንዙ ያያል። ደብተሩ እርጥበት እንዳያገኘው በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። የምትጽፈው በእርሳስ ነው፤ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። በየገጹ ቀን፣ ሰዓት፣ ከፍታ የሚሉ ጠባብ ዓምዶች አሉ፤ በመጨረሻ «ማስታወሻ» የሚል ሰፊ ዓምድ አለ። ያ ቦታ ብረቱ ሲጣመም ወይም ቀለሙ ሲለቅ ለማመልከት የታሰበ ነበር። ብረቱ ግን በዓመት አንዴ እንኳ አይጣመምም፤ ዓምዱም ባዶውን ሲያያት ጊዜ አላስችል አላትና ሌላ ሌላውን መጻፍ ጀመረች። «ዛሬ እንቁራሪቶቹ ጀመሩ።» «ሰማያዊዋ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከዳሩ ጉድጓድ ስትወጣ አየሁ፤ ጫጩት ሳይኖራት አይቀርም።» «ውሃው ጠራ፤ ሸርጣን ከድንጋዩ ሥር ይታያል።» በየወሩ መጨረሻ ግልባጩን መሥሪያ ቤት ታደርሳለች፤ ጸሐፊው ከፍታውን ብቻ ገልብጦ ብረት ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ማስታወሻውን ማንም አንብቦት አያውቅም፤ አትጻፊ ያላትም የለም።

ያን ጊዜ ወንዙ ወንዝ ነበር። ትልቅ አይባልም፤ በበጋ ልጅ ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገረዋል። ግን ግራና ቀኙን አኻያና ሾላ ወሮት፣ ሥራቸው ዳሩን እንደ ጣት ጨብጦ ይዞ፣ ከሥራቸው ደግሞ ሸምበቆው ጥቅጥቅ ብሎ ነበር የሚፈሰው። ላይ ኮረብታው ላይ ቀትር ላይ ዝናብ ከጣለ፣ ውሃው ድልድዩ ጋ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። ቀስ ብሎ፣ በር አንኳኩቶ እንደሚገባ እንግዳ። ከመጣም ቶሎ አይሄድም፤ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ እያለቀ እያለቀ ይወርዳል። የሰፈሩ እናቶች በበጋ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ብረቱ ሥር አቁመው ያስለኳት ነበር። አንዷማ ባሏን ይዛ መጥታ፣ ሲያገባኝ ከዚህ ይረዝም ነበር፣ እስኪ እይልኝ ብላ ሰፈሩን አስቃለች።

ከድልድዩ ዝቅ ብሎ በስተቀኝ ዳር አንድ አትክልተኛ ይኖር ነበር። ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ያመርታል፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ ሰላጣ» እያለ ነው፤ እሱም ደስ ብሎት አቤት ይላል። ውሃ የሚስብበት አሮጌ ሞተር ነበረው። ሃያ ዓመት ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ ጆሮው ደንዝዟል። ስለዚህ በየማለዳው ከማሳው ቀና ብሎ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅላት፣ ያነበበችውን ቁጥር እሷ በጣቶቿ ታሳየዋለች። ለእያንዳንዱ አሥር ሁለት እጇን ትዘረጋለች፤ ትርፉን ደግሞ በጣት ትቆጥርለታለች። እሱም ገብቶኛል ለማለት ባርኔጣውን ያነሳል። ይህን ልማድ አንድም ቀን ሳያጓድሉት ዓመታት አለፉ።

ከተማው የመጣው ከላይ ነው። ኮረብታው ሣር ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ መንገድ ወጣበት፣ ቀጥሎ ቤት፣ ቀጥሎ መጋዘን፣ ቀጥሎ አስፋልት የለበሰ የመኪና ማቆሚያ። እሷ ኮረብታው ላይ ምን እንደሚሠራ ሄዳ ማየት አላስፈለጋትም፤ ከብረቱ ላይ ታነበው ነበር። ድሮ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ውሃ በሁለት ሰዓት ይደርስ ጀመር፣ ቆይቶ በአንድ ሰዓት፣ ቆይቶ ዝናቡ ሳያባራ። ውሃውን የሚጠጣ አፈር የለም፤ ጣሪያው ወደ አሸንዳ፣ አሸንዳው ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ወንዙ ይወረውረዋል። አንድ ቀን ከድልድዩ እስከ ላይኛው መታጠፊያ ተራምዳ የቦይ አፍ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ዘጠኝ። በበጋ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሠላሳ ይቆም የነበረው ውሃ ወደ አሥራ ሁለት፣ ወደ ስምንት ወረደ፤ ለብ ያለ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት፣ ላዩ ላይ ከመኪና እጥበቱ የመጣ ዘይት የሚያብለጨልጭበት።

ሾላዎቹ የተቆረጡት ቅጠላቸው የአዲሱን ሕንፃ አሸንዳ ይደፍናል ተብሎ ነው። አኻያዎቹን ማን እንደቆረጣቸው አልታወቀም፤ አንድ ጠዋት ጉቶ ብቻ ቀርቶ ተገኘ። የሚጨብጠው ሥር ሲደርቅ ዳሩ በየክረምቱ እንደ ዳቦ እየተቆረሰ መውደቅ ጀመረ፤ ወፏ የምትገባበት ጉድጓድም አብሮ ወደቀ። ባለሜትሯ ይህን ሁሉ በማስታወሻው ዓምድ ጻፈች። «ዘንድሮ እንቁራሪት አልሰማሁም» ብላ ጻፈች። በዓመቱም እንዲሁ ጻፈች። በሦስተኛው ዓመት ተወችው፤ የሌለን ነገር በየዓመቱ የለም እያሉ መጻፍ ሆዷን አባባት።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ወጣት ኢንጂነር መጣች። የባለሜትሯ ቁጥሮች አልገጥም ብለዋት ነበር። ደብተሩ ጠዋት ሃያ ሁለት፣ ማታ ሃያ አምስት ይላል፤ በድልድዩ ግንብ ላይ ያለው የደለል ምልክት ግን ውሃው ከሰው ቁመት በላይ እንደወጣ ይመሰክራል። ኢንጂነሯ በትሕትና ብታወራም፣ የምታወራው ሴትዮዋ ከቤቷ ሳትወጣ ቁጥር ትፈጥራለች የሚል ጥርጣሬ ይዛ እንደመጣች ያስታውቅ ነበር። ባለሜትሯ ገብታ ደብተሩን ከምስማሩ አወረደችና ማስታወሻውን በጣቷ አሳየቻት። «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኮረብታው ላይ ዘነበ። ውሃው መቶ ዘጠና ደርሶ ነበር። ማታ ስመጣ ወርዷል።» ሌላው ገጽም እንዲሁ። ውሃው መጥቶ የሚሄደው በሁለቱ ልኬቶች መካከል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የሚገለብጠው ከፍታ የሚለውን ዓምድ ብቻ ነው።

ኢንጂነሯ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላስቲክ በእጇ ጠርጋ ተቀመጠች። አሮጌዎቹ ደብተሮች ከአልጋ ሥር እንዲወጡላት ለመነች፤ እስኪመሽ ድረስ አነበበች። እንቁራሪቶቹን፣ ወፏን፣ ሸርጣኑን፣ ዘይቱን፣ ሁሉንም።

«እማማ፣ ይህን ይጻፉ ያለዎት ማነው?» አለች በመጨረሻ።

«ማንም። ቦታው ባዶ ነበር» አለቻት።

ኢንጂነሯ ልትሄድ ስትነሳ ስልክ ቁጥሯን በደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፈችና፣ ውሃው ከመቶ ሃምሳ ካለፈ፣ ወይም ወንዙ ዳር አዲስ ነገር ካየች፣ በማንኛውም ሰዓት እንድትደውልላት አደራ አለቻት። ባለሜትሯ ያን ሳምንት ደስ ብሏት ሰነበተች። በሃያ አምስት ዓመት የመጀመሪያዋ አንባቢዋ ነበረች።

ልጇ ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ለአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ቢጫ ገልባጭ መኪና ይነዳል። መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው አፈር ከከተማው ውጭ ወደ ተፈቀደለት ቦታ መሄድ ነበረበት፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ አምሽቶም ቢሆን ሳያያት አያድርም፤ ስለ ሥራው ግን ብዙ አያወራም፤ እሷም አትጠይቅም።

በዚያው ዓመት በጋ መጨረሻ አንድ አመሻሽ ላይ ልትለካ ስትወርድ፣ ከድልድዩ በታች በስተግራ ዳር ሸምበቆው በነበረበት ቦታ አንድ ቢጫ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ መጣና አፈሩን ገለበጠ። አቧራው እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች። ከኋላ ታርጋውን አየችው። ያን ቁጥር ከራሷ የልደት ቀን ይበልጥ ታውቀዋለች። ልጇ የመኪናውን በር ከፍቶ ወረደና አያት።

ወዲያው ምክንያት መደርደር ጀመረ። ፎርማኑ ነው እዚህ ድፋ ያለው፤ ቦታውን የገዛው ሰውዬ ዳሩን ሞልቶ ሊያሰፋው ነው፤ እኔ እምቢ ብል ነገ መሪውን ሌላ ይይዘዋል። አንዱም ውሃ የሚያነሳ አልነበረም፤ እሱም ያውቀዋል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማዬ፣ ይሄ ወንዝ እኮ ከሞተ ቆየ። አንቺ የምትለኪው አስከሬን ነው።»

ፊቷን አዙራ ወደ ብረቱ ሄደች። ስምንት ሴንቲሜትር ነበር። ቤቷ ገብታ «በስተግራ ዳር አፈር ተደፋ። መኪናው ቢጫ ገልባጭ ነው» ብላ ጻፈች። ታርጋውን አልጻፈችም። ያየችውን ነገር ከደብተሩ ያስቀረችው ያን ዕለት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለኢንጂነሯም አልደወለችም። ነገ እደውላለሁ አለች፤ በነጋታውም እንደዚያው አለች።

አፈሩ በየቀኑ እየተቆለለ ወንዙን ወደ ቀኝ ገፋው። ጋሽ ሰላጣ አንድ ቀን ማሳውን ተሻግሮ መጣና አፈሩን የሚደፋው ማን እንደሆነ አይታ እንደሆነ ጠየቃት። ጆሮው አጠገብ ሆና መኪና ነው አለችው። መኪና መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም ብሎ ሳቀ። ክረምቱ ሳይገባ ለሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ማመልከት እንደሚፈልግ፣ እሷ ደብተር ስላላት ምስክር ብትሆነው ደስ እንደሚለው ነገራት። እስኪ አያለሁ አለችው። ሰውየው አመስግኗት ሄደ።

ክረምቱ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ድልድዩ አካባቢ ፀሐይ ነበር። ኮረብታው ብቻ ጥቁር ብሏል። ባለሜትሯ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ሳለ፣ ብዙ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ የሚመስል ድምፅ ከላይ ሰማች። ልጇ መጣ ብላ አሰበች። ቀና ብላ ስታይ ግን ዳር እስከ ዳር የሞላ ቡናማ ውሃ፣ ከፊቱ የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆሻሻ እየነዳ፣ መታጠፊያውን ሲዞር አየችው። ያጠበችውን ጥላ ወደ ድልድዩ ሮጠች። ስትደርስ ብረቱ ላይ ስልሳ ነበር፤ እስትንፋሷ ሳይመለስ መቶ ሃያ ሆነ።

ጋሽ ሰላጣ ዳሩ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የሞተሩን የውሃ መሳቢያ ጎማ እየፈታ ነበር። ሞተሩ አልጠፋም። ጠራችው፤ እንኳን እሱ፣ እሷም ድምፅዋን አልሰማችውም። አንድ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት፤ ቀይ ሥሩ መሃል ወደቀ። ዘወር አለ። ድልድዩ ላይ ሆና ሁለት እጇን ዘርግታ እያወዛወዘች አያት። በየማለዳው እንደምታደርገው መሰለው። ባርኔጣውን አነሳላት።

ውሃውን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። መሮጥ ይችል ነበር፤ ሦስት አራት እርምጃ ቢሄድ ከፍታው ላይ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አቀፈ። በግራ በኩል የተቆለለው አፈር ወንዙን አጥብቦት ስለነበር፣ ውሃው በሙሉ ኃይሉ ወደ ቀኝ ዳር ዞረ። ዳሩ ሦስት መደብ ቀይ ሥር እንደያዘ በአንድ ጊዜ ተገምሶ ሄደ። ጋሽ ሰላጣም አብሮ ሄደ። ሁለተኛ አላየችውም።

ውሃው በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ መጥቶ ወረደ። ፀሐዩ አልጠፋም ነበር። ሰው ዳሩን ይዞ እየተጣራ ሲወርድ፣ እሷ በአንድ እግር ጫማ ብረቱ ሥር ቆማ የደለሉን ምልክት አነበበች፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት። ጻፈችው። ጋሽ ሰላጣን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከሁለት ድልድይ በታች፣ ትልቁ ቱቦ አፍ ላይ አገኙት።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከማይሠራ የአየር ማራገቢያ ሥር ተቀምጠው ነዋሪውን አንድ በአንድ ጠሩ። አፈሩን የደፋውን አይተሃል ወይ የተባለ ሁሉ አላየሁም አለ። ተቋራጩን የማይፈራ አልነበረም፤ ግማሹም ልጁ ወይም ወንድሙ እሱ ዘንድ ይሠራል። የባለሜትሯ ተራ በደረሰበት ቀን ጠዋት ልጇ መጣ። አልተቀመጠም። የበሩን መቃን ተደግፎ፣ አለቃው ማንም ምንም አላየም እንዳለ ነገራት።

«እኔ አይቻለሁ» አለችው።

«ያየሽው እኮ እኔን ነው እማዬ።»

ሻርፗን ከወንበሩ አንስታ ለበሰች፤ ደብተሩን ከምስማሩ አወረደች፤ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። እሱ አልከለከላትም። ከኋላዋ እስከ መንገዱ ድረስ ሲከተላት ኮቴው ይሰማት ነበር፤ ከዚያ ቆመ።

ከኮሚቴው አንዷ ያች ኢንጂነር ነበረች። ገጹን ገልጣ «ቢጫ ገልባጭ» የሚለውን አነበበችና ታርጋውን አላዩትም ወይ ብላ ጠየቀቻት። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነበር የጠየቀቻት፤ መልሱን ስትሰማ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ባለሜትሯ ቁጥሩን አንድ በአንድ ተናገረች። የማን እንደሆነ ያውቃሉ ሲሏት «ልጄ ነው የሚነዳው» አለች። አፈሩ ስንት ቀን እንደተደፋ፣ እሷም ስንት ቀን ዝም እንዳለች ሳትጠየቅ ጨምራ ተናገረች። ጸሐፊው የኋለኛውን አልጻፈውም፤ ጉዳዩን አይመለከትም ተብሎ።

ተቋራጩ አፈሩን እዚያ ድፋ ብሎ በጽሑፍ ያዘዘው ነገር እንደሌለ፣ ሹፌሩ መንገድ ለማሳጠር በራሱ ፈቃድ እንዳደረገው አስረዳ። ፎርማኑም መሰከረ። ልጁ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ አንድ ዓመት ተፈረደበት። ተቋራጩን የነካው የለም። የተደፋውን አፈርም ያነሳ የለም፤ ተደልድሎ፣ ታጥሮ፣ የብሎኬት መጋዘን ተሠራበት።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። የገዛ ልጇን ያሳሰረች ብለው ሰላምታ የነሷት ነበሩ። ጨከን ብላ እውነት ተናገረች የሚሏትም ነበሩ፤ እነዚህን ደግሞ እሷ ራሷ ትሸሻቸው ነበር። የጋሽ ሰላጣ ባለቤት አንድ ቀን ድልድዩ ላይ አገኘቻት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ታውቂ ኖሯል ለካ፣ ቀደም ብለሽ ብትናገሪው ኖሮ እኮ አለቻትና መንገዷን ቀጠለች። ባለሜትሯ ከዚያ ቀን በኋላ ድልድዩን ስትሻገር ወደ ቀኝ ዳር አታይም ነበር።

በየሳምንቱ እስር ቤት ትሄዳለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጇ ይወጣና ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ያመጣችለትን ይቀበላል፤ አያናግራትም። ኋላ ኋላ ስለ አየሩ፣ ስለ ጤናዋ አንዳንድ ነገር ማለት ጀመረ። ስለ ወንዙ አያነሳም።

ወንዙም ብዙ አልቆየም። ከተማው የጎርፉ መንስኤ የወንዙ መጥበብና መጠማዘዝ ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ከላይኛው መታጠፊያ እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ በኮንክሪት ቦይ ቀጥ ተደርጎ እንዲገባና ላዩ እንዲከደን ተባለ። ኢንጂነሯ ተቃወመች። ውሃው ከዚህ ይልቅ ፈጥኖ ታች ያሉትን ሰፈሮች እንደሚመታ፣ መፍትሔው ዳሩን መልቀቅና ዛፉን መመለስ እንደሆነ ጽፋ፣ የባለሜትሯን የሃያ ስድስት ዓመት ማስታወሻ ገልብጣ አያይዛ አቀረበች። ስብሰባው ጆሮ ዳባ ልበስ አላት፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ምስጋና ተጻፈላት። ውሳኔውን ለባለሜትሯ በስልክ የነገረቻት እሷ ራሷ ናት። ድምፅዋ ተቆራርጦ ስለነበር፣ የምታጽናናው ባለሜትሯ ሆነች። «እሺ የኔ ልጅ፤ አንቺ የምትችይውን አድርገሻል» አለቻት።

ብረቱን አንድ ሠራተኛ በዲጅኖ ነቅሎ ከሌላው ቁርጥራጭ ብረት ጋር መኪና ላይ ጣለው። በዚያ ማለዳ የመጨረሻውን ቁጥር አንብባ ነበር፤ ሰባት ሴንቲሜትር። ማስታወሻው ላይ የምትጽፈው አልመጣላትም፤ ባዶ ተወችው። ክዳኑ ሲደረግ ከመስኮቷ የሚታየው ነገር ግራጫ ሜዳ ብቻ ሆነ። ሰዎች መኪና ያቆሙበት ጀመር። ክረምት ሲሆን ከሥር የሆነ ነገር እየተጓጓዘ የሚሄድ ይመስል ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ልጇ ዓመቱን ጨርሶ ወጣ። መኪና መንዳት ስለማይችል ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ተቀጠረ፤ እጁ ሁልጊዜ በጎማ ጥቁር ነው። እሑድ እሑድ ይመጣል። የላላ መጋጠሚያ ያጠብቅላታል፣ የጣሪያዋን ምስማር ይመታላታል፣ የሰጠችውን ይበላል። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ከቆዩ በኋላ፣ አንድ እሑድ የበሩን ማጠፊያ እየፈታ ሳለ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ያን ቀን ስደፋ ስታዪኝ ለምን አልጮኽሽብኝም?»

የሚመስላትን መናገር ቀላል ነበር፤ ደንግጬ ነው፣ ፈርቼ ነው ማለት ትችል ነበር። ሁለቱም ትክክል አልመስል አሏት።

«ልጄ ስለሆንክ» አለችው።

«ብትጮኺብኝ አቆም ነበር» አለ።

በንዴት አልነበረም የተናገረው። እውነት ያቆም ይሆን ወይስ አሁን ላይ ሆኖ ሲያስበው እንደዚያ መሰለው፣ አላወቀችም፤ እስከ ዛሬም አታውቅም። እሱ ማጠፊያውን ቀይሮ በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶ ሞከረው። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ምሳ ሳይበላ፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ። ጎሚስታ ቤቱ እሑድ ዝግ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን አላስቀረችውም።

በሳምንቱ እሑድ ምሳውን ሠርታ ጠበቀችው። ዘግይቶ መጣ። በላ። ስለዚያ ነገር ሁለቱም አላነሱም።